ሣር የማትበላ በቅሎ

ሰው የማያውቀውን ነገር የሚመርጠው በሚያውቀው ነገር ነው። ሌላ መንገድ አለኝ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ። አክስቴ የመጀመሪያ ሬዲዮኗን የመረጠችው በክብደቱ ነበር፤ ሁለቱን በሁለት እጇ አንሥታ መዘን መዘን አደረገችና «ይኸኛው ወሬ ሞልቶታል» ብላ ከባዱን ወሰደች። እኔም ብሆን የመጀመሪያ ጫማዬን የመረጥሁት ሲረግጡት ሲጥ ሲጥ ስላለ ነው፤ ጫማ መግዛቴን ያላየ ሰው ቢኖር እንኳ ይስማ ብዬ። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። እናንተስ ሐብሐብ ስትገዙ በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጋችሁ፣ ጆሯችሁን ደቅናችሁ፣ ምን እንደምትሰሙ ሳታውቁ «ይኼ ጥሩ ነው» ብላችሁ አታውቁም?

እንግዲያስ ጀልባ ምረጡ ብትባሉ ምን ይውጣችሁ ነበር? ያውም ጎንደር ላይ፣ ያውም በደርግ ጊዜ፣ የመጠጥ ውሃ ራሱ ሲፈልግ በሚመጣበት፣ ሲፈልግ በሚቀርበት ከተማ!

ያን ጊዜ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርሁ። ጣናን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሥል አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ዳርቻውን አዞራለሁ፣ ደሴቶቹን ነጠብ ነጠብ አደርጋለሁ። እግሬን ነክሬበት ግን አላውቅም። ወደ ባሕር ዳር ስንወርድ እንፍራንዝ አካባቢ በአውቶቡሱ መስኮት ብልጭ ይልልኛል፤ አንገቴን ሳሰግግ ጎኔ የተቀመጠው መንገደኛ ዶሮውን ወደ ፊቴ ያዞራል። የእኔና የጣና ትውውቅ ይኸው ነበር። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ። ሐሰት ነው! እኔን ናፍቆኛል።

አማቴ አያ ጫኔ ደግሞ የዳባት ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ ሲነግዱ ኖረዋል፤ ከዳባት እስከ አዲ አርቃይ በቅሎ ሊገዛ የተነሣ ሁሉ «አያ ጫኔ ይዩልኝ» ሳይል ገመድ አይጨብጥም ነበር። ጥርስ አይተው ዕድሜ፣ ዓይን አይተው ዐመል ይናገራሉ። እኔን ግን ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ዐሥር ዓመት አይተውኝ ምንም አልተናገሩም። የሚጠሩኝ «አስተማሪው» እያሉ ነው፤ በፊቴም በኋላዬም። ታናሽ እኅቷን ያገባውን ዳተኛ «ልጄ» ሲሉት እሰማለሁ፤ እኔ አስተማሪው ነኝ። ይህ ነገር፣ እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴን ይበላው ነበር።

አንድ ቀን በትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጠፈች። ሥራውን ጨርሶ የሄደ አንድ ፕሮጀክት አዘዞ መጋዘን የተዋቸው ሦስት ትናንሽ የአሉሚኒየም የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ይሸጣሉ፤ የሦስቱም ዋጋ እኩል ነው፤ ቀድሞ የመጣ ይመርጣል፤ ከበር ከወጣ በኋላ መመለስ የለም ትላለች። ልቤ ዘለለች! ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ክፍል እንዳለኝ ረስቼ፣ ወደ ቤቴ በረርሁ። አያ ጫኔ እኛ ዘንድ በእንግድነት ነበሩና በር ላይ ሆኜ ነገርኋቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ጠየቁኝ።

«ሣር ትበላለች?»

«አትበላም።»

«ትታመማለች?»

«አትታመምም።»

«አህያ አይታ አትደነብርም?»

«አያ፣ ውሃ ላይ አህያ ከየት ይመጣል?»

ማኪና በየመንገዱ ከበዛ ወዲህ የበቅሎ ገበያ ቀዝቅዞባቸው፣ ከዚያ ሁሉ በቅሎ የቀረቻቸው አንዲት ዳማ ብቻ ነበረች። ጎርጎራ ላይ አዱኛ የሚባል የወንድማቸው ልጅ አለ፤ መረብ አለው፣ ውሃውን ያውቀዋል፤ ታንኳው ግን የደንገል ናትና ጥቂት ወር ውሃ ከጠጣች ትበሰብስበታለች። አሉሚኒየም አይበሰብስም። በሳምንቱ አያ ጫኔ ዳባት ደርሰው ተመለሱ። በእግራቸው። ዳማዋን ሸጠዋታል።

ባለቤቴ አስካለ ያን ማታ በጣቷ እያስፈራራች «ስማኝ» አለችኝ፤ «አባቴ ያለ በቅሎ እግር የለውም። ይቺ ጀልባ ጉድ ከሠራችህ ከዚያ በኋላ የሚጋልበው አንተን ነው።» ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም። የሽማግሌው የመጨረሻ በቅሎ በእኔ ቃል ተሸጣለች፤ ቢሳካልኝ «ልጄ» መባል አይቀርልኝም፣ ባይሳካልኝ አስተማሪው መባልም ይናፍቀኛል።

ቅዳሜ ጠዋት አዘዞ ደረስን፣ ከሁሉ ቀድመን። ሦስቱ ጀልባዎች መጋዘኑ ጓሮ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። እያንዳንዷ መሬቱ እንዳይነካት ሁለት ሁለት ረጃጅም እንጨት ሥሯ ተነጥፎላታል፤ እንጨቶቹን አቧራና የዶሮ ኩስ ስለሸፈናቸው ማን ልብ ይላቸዋል! አንደኛዋ ረጅም፣ አረንጓዴ የተቀባች ናት። ሁለተኛዋ ብርማ ቀለም ተቀብታ ፀሐይ ሲያርፍባት ዓይን ታጠፋለች። ሦስተኛዋ አጭር፣ አፍንጫዋ ጎርበጥ ያለ፣ ቀለም የሚባል ያልነካት። «ሁለተኛዋ!» አልሁ ገና ከበሩ ሳልገባ። ፍቅር እንዲህ ነው፤ ቁጭ ብሎ አይመክርም።

አያ ጫኔ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሥራ ጀመሩ። ሦስት ጊዜ ዞሯቸው። ከኋላ ቆመው አዩ፣ ሄድ ብለው ድንገት ዘወር እያሉ አዩ፤ ለካ በቅሎ የሚታየው ሻጩ ሳይዘጋጅ ነው። አረንጓዴዋን ከአንገት እስከ ጭራ በመዳፋቸው ዳሰሷትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወገቧ ረዝሟል። ወገበ ረጅም ዳገት ላይ ትከዳለች።»

«አያ፣ ሐይቅ ላይ እኮ ዳገት የለም።»

«ሄደህበታል?»

አልሄድሁበትም።

ወደ እኔዋ ቆንጆ መጡ። አላደነቋትም። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ሆዷ ላይ ሰክተው ጫር ሲያደርጉት ብርማው ቀለም ተላጠ፤ ከሥሩ ነጭ ስቱኮ ፍርፍር እያለ ወረደ። «ገጣባ!» አሉ፣ ሌባ እንደ ያዘ ሰው። «ጀርባዋ ተልጦ ቁስሉን ቀብተው ነው ገበያ ያወጧት!» የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ወደ ሰማይ አየ። እኔም አብሬው አየሁ። ከዚያች ቆንጆ ጋር ጣና ላይ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ተንሸራሽሬ ነበር!

ሦስተኛዋን አንኳኳት፣ ጆሯቸውን ለጠፉባት፣ ጎርባጣ አፍንጫዋን ዳበሱላት። «ወድቃ ታውቃለች» አሉ። «ተነሥታለች ግን።» ከዚያ ቀና ብለው «ውሃ አምጡ» አሉ።

ጋን የገዛ ሰው የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፤ ውሃ ሞልቶ ያስቀምጥና ያዣል አያዣም ብሎ ይጠብቃል። አያ ጫኔም ጀልባዋን እንደ ጋን ሊፈትኗት ነው! ከበሩ ውጭ ቦኖ ላይ የተሰለፉ ሴቶች ነበሩ፤ ወጥተው ለመኗቸው፣ ውሃው ጠብታ ሳይጎድል ይመለስላችኋል ብለው ማሉላቸው። እንስራውም ጀሪካኑም እየሳቀ ገባ። አንዲት ደርባባ ሴት እያፈሰሰች «ምነው አያ! ጀልባን ውሃ የሚነካት ከውጭ አይደል እንዴ?» አለቻቸው።

«እመቤት፣ ከውስጥ የማታወጣ ከውጭ አታስገባም።»

ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ጀልባዋ እስከ ወገቧ ሞላች። እኔ አዲስ ሱሪዬን ለብሼ በሆዴ ተኝቼ ሥሯን አያለሁ፤ የመጋዘኑ ዘበኛ በወዲያ በኩል ተኝቷል፤ ሴቶቹ ከላይ ሆነው «ጠብ አለች?» ይላሉ። «አላለችም!» እላለሁ። ትንሽ ቆይተው «ጠብ አለች?» «አላለችም!» ድምፄ እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ ጩኸት ሆነ። አንዲት ጠብታ እንኳ! ተነሥቼ ጭቃዬን ሳላራግፍ አማቴን አቀፍኋቸው። ሴቶቹ ውሃቸውን መልሰው ሲቀዱ ለጀልባዋ ከቦኖው የረዘመ ሰልፍ ተሠራላት። «ይችንስ ለሠርግ ጠላ ነበር!» ብላ ደርባባዋ ሴት ዳር ዳሯን እያሻሸች በግድ ተለየቻት።

ልንፈርም ስንል አያ ጫኔ እጃቸውን አነሡ።

«ልጓሙስ?»

ጓሮው በሳቅ ፈረሰ። አብልጬ የሳቅሁ ግን እኔ ነበርሁ፤ እግዜር ይይልኝ። ከመሳቅም አልፌ አስተማርሁ። ጀልባ ልጓም እንደሌላት፣ ብረት ሆና ስለምን እንደማትሰምጥ፣ ውሃ ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚገፋ፣ ለስምንተኛ ክፍል በሳይንስ የሚሰጠውን አንድም ሳላስቀር ዘረዘርሁላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «መቆሟንስ አመንሁ» አሉ፤ «እኔ የጠየቅሁህ መሄዷን ነበር።» ልመልስላቸው አፌን ስከፍት የተኮናተርናት ኤንትሬ የጭነት ማኪና ጡሩንባዋን ነፋች። ፈረምን፣ ተሸከምን፣ ጫንን። ዘበኛው «እነዚህ ሁለት እንጨቶችስ?» ብሎ ወደ መሬት አመለከተኝ። ደስታ ቸር ያደርጋል። «ለአንተ! ማገዶ ይሁኑህ» አልሁት። መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ ብሎ መረቀን።

አያ ጫኔ ከሹፌሩ ጎን አልቀመጥም ብለው ጭነቱ ላይ፣ ጀልባዋ ውስጥ ገቡ። እኔም ተከተልኋቸው። በደምቢያ ሜዳ ላይ በጀልባ ሄዳችኋል? እኔ ሄጃለሁ! እርሻ ላይ ያለው ሁሉ ቀና እያለ ያየናል፤ እኔ እጄን አወዛውዛለሁ፤ አማቴ ግን ኮርቻ ላይ እንዳሉ ቀጥ ብለዋል። ኬላ ላይ አንድ ወታደር አስቆመን። ደረሰኙን ገልብጦ አየና «በዚህች ወዴት ልትሸሹ ነው?» አለ። አያ ጫኔ ከላይ ሆነው «ጣና ዙሪያው እናንተ ናችሁ ጓድ፤ በየት ብንወጣ እጃችሁ ላይ ነው» አሉት። ወታደሩ ሳቅ ብሎ ገመዱን አወረደልን። እኔ ለመሳቅ ኬላው ከዓይን እስኪርቅ ጠበቅሁ።

ጎርጎራ! ከአሥራ አንድ ዓመት የጥቁር ሰሌዳ ጣና በኋላ እውነተኛው ጣና ፊቴ ተዘረጋ፤ ሰማያዊ ጠመኔ አልበቃውም። ዕንባ ዕንባ አለኝ። አዱኛ ራቅ ብሎ ታንኳው ላይ መረቡን ይስባል፤ እጁን እያወዛወዘ አንድ ነገር ይጮኻል። ጠብቁኝ ማለቱ ነበር፤ እኔ እንኳን ደስ አላችሁ የሚል መሰለኝ። ማን ይጠብቃል! የሠፈሩን ሰው አስተባብሬ ጀልባዋን ገፋን፤ ዘልዬ ገባሁ፤ አማቴን በእጃቸው ሳብኋቸው።

ተንሳፈፈች! አቤት እንዴት ተንሳፈፈች! ጠብታ የለ፣ መንገዳገድ የለ። ከየብስ የሚነፍሰው ነፋስ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይወስደናል፤ ዳርቻው እየራቀ፣ ሰዉ እያነሰ ሄደ። እኔ እጮኻለሁ፣ እስቃለሁ፣ ደሴቶቹን በጣቴ እያሳየሁ በየስማቸው እጠራለሁ።

«አስተማሪው» አሉኝ።

«አቤት አያ!»

«በቅሎዋስ ሸጋ ናት።»

«ሸጋ ናት አያ!»

«ወዴት ነው የምትሄድ?»

ዘወር ብዬ አየሁ። ፊት ለፊታችን ጣና ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ነው ሁለቱ እንጨቶች፣ ከነ አቧራቸው፣ ከነ የዶሮ ኩሳቸው፣ ጫፋቸው ጠፍጠፍ ብሎ ሰፋ ማለቱ ሳይቀር ዓይኔ ላይ የመጡት። መቅዘፊያ! ያውም «የጣና ሰው ታንኳውን በምን ይነዳል?» ብዬ ፈተና ላይ ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ ነው። በእጄ ቀዘፍሁ፣ በባርኔጣዬ ቀዘፍሁ፤ ጀልባዋ አንድ ጊዜ ዞረችና ወደ ነበረችበት ተመለሰች። ዋና አልችልም። እሳቸውም አይችሉም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ይኼ ነው። አያ ጫኔ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለ ነበር። በለሆሳስ «ልጓሙስ ብዬህ ነበር» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

አዱኛ ደርሶ ገመድ ወረወረልን። እንግዲህ ሣር የማትበላው በቅሎዬ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው በደንገል ታንኳ፣ በሣር፣ እየተጎተተች ነው። ዳር የቆመው ሰው እልል አለልን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሸጋ ነው። አዘዞ ተመልሼ ዘበኛውን ስጠይቀው አንዱን እንጨት አንድዶታል፣ ሌላው የበሩ መቀርቀሪያ ሆኗል፤ ስለዚህ አናጢ ሌላ ሁለት ጠረበልን። ጀልባዋ እስከ ዛሬ ጠብታ አላስገባችም፤ አዱኛ ዓሣውን በየሳምንቱ ይልክልን ጀመር። አያ ጫኔም ጎርጎራና ጎንደር እየተመላለሱ፣ በማኪና፣ ነገሩን አንሥተውብኝ አያውቁም። ስሜ ግን ያው አስተማሪው ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። መቅረት የሚባል ስለሌለ እንግዳችን አያ ጫኔም አብረውኝ መጡ። ሊቀ መንበሩ ዕቅድ አነበበ፤ ቀበሌያችን ወፍጮ ይኖረዋል፣ ዳቦ ቤት ይኖረዋል፣ የዶሮ እርባታ ይኖረዋል፣ በዓመቱ መጨረሻ ከራሱ ተርፎ ለሌላው ይተርፋል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ከጎኔ አንድ እጅ ብቻውን ቀረ፣ ወደ ላይ እንደ ተዘረጋ።

ጋቢያቸውን ጎተትሁ። «አባት፣ ጥያቄ አለዎት?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«አንድ አለኝ ጓድ። እኔ ግን የበቅሎ ሰው ነኝ፤ የከተማ አነጋገር አላውቅበትም። ጥያቄውን ልጄ ያውቀዋል፤ እሱ ይጠይቅልኝ» ብለው ተቀመጡ።

ልጄ! ዐሥር ዓመት የጠበቅኋት ቃል! ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት! አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሣሁ። ጥያቄዋ አንዲት ቃል ናት፣ ያችው አዘዞ ጓሮ ላይ የሳቅሁባት፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን አነሣ፤ ስሜን ሊጽፍ ነው።

«ጓድ ሊቀ መንበር» አልሁ ጉሮሮዬን ጠርጌ፤ «አባቴ ለማለት የፈለጉት… ዕቅዱ በጣም ሸጋ ነው ነው።»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። እኔም አጨበጨብሁ፣ መዳፌ እስኪቀላ። ተቀመጥሁ። አያ ጫኔ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አዬ አስተማሪው!» አሉኝ።