የተሰበረ ማኅተም ሰብሳቢው

በጥንቷ ባቢሎን ምድር፣ በላርሳ ከተማ፣ ሰውን ከማመን ጭቃን ማመን የሚቀለው ሰው የማይገኝበት ግምጃ ቤት የለም። የእኛ የሱፍ ግምጃ ቤት ይህን ጸጋ የታደለው በክቡርነታቸው በበር ጠባቂው በኢጵቁሻ ነበር።

ሥራ ሲያበቃ የበሩን ገመድ በችንካሩ ላይ ይጠመጥማሉ፤ ቋጠሮውን በእርጥብ ጭቃ ይለስናሉ፤ ከአንገታቸው የማትለየውን ድብልብል የድንጋይ ማኅተም ያንከባልሉበታል። ጠዋት ሲሰብሩትም ስብርባሪውን እንደ ቅርስ በቅርጫት ያኖራሉ። ማኅተም የሌላት መበለት እንደ ልማዱ የቀሚሷን ጫፍ ጭቃ ላይ ስትጫን፣ ካለፈው ዓመት አሻራዋ ጋር ክር በክር ያስተያያሉ። «ሰው ያሻውን ይናገራል፤ ጭቃ የነካውን ብቻ» ይላሉ። የገብስ ቢራ ጋናቸውን ሳይቀር ስላሸጉ ባለቤታቸው፣ «እንግዲህ አፌንም አሽገውና እረፍ» ብላቸዋለች።

ቅርጫቶቹ የጽሕፈት ክፍሌን ሞሉት። እኔም፣ ማስረጃን ከቆሻሻ ለመለየት የተማርሁ ጸሐፊ፣ ስብርባሪው ሁሉ ገንዳ ውስጥ ተዘፍቆ ዳግመኛ ጭቃ እንዲሆን አዘዝሁ። አንድ ወር እንድታገሥ ለመኑኝ። «ታዲያ ገንዳውን ያሽጉታ» አልኋቸው፤ ጽሕፈት ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

በአሥረኛው ቀን የሱፍ ጉድለት ተገኘ። የግምጃ ቤቱ ሹም፣ ስብርባሪው ከመዘፈቁ በፊት በዋለው በዓል ቀን በሩን ከፍታ ሰርቃለች ሲል ሸማኔዋን ታሪባቱምን ከሰሰ። ኢጵቁሻ ዳኛው ፊት ቆመው፣ በዋዜማው በሩን ያተሙት እርሳቸው እንደነበሩ፣ በበዓሉ ማግስት በሩ ላይ ያገኙት ግን የሹሙን የራሱን ማኅተም እንደሆነ መሰከሩ።

ዳኛው ስብርባሪውን ጠየቀ። አልነበረም።

«ባዶ ቃልማ፣ ኢጵቁሻ፣ አንተው ራስህ የማትቀበለው ነገር ነው» አለ ዳኛው።

ማን እንዳጠፋው አውቅ ነበር። አልተናገርሁም።

ሴቲቱ ለቅጣት ወደ እስረኞች ወፍጮ ቤት ልትወሰድ ስትል ኢጵቁሻ ማኅተማቸውን ከአንገታቸው አወለቁ፤ ሱፉ እስከ ገብስ አጨዳ ካልተገኘ በእርሷ ፈንታ ሊገቡ ዋስ ሆኑ።

«በምን አምነሃት ነው?» አለ ዳኛው።

«ስትናገር ሰማኋታ፣ ጌታዬ።»

ሱፉ አልተገኘም። ታሪባቱም ሽመናዋ ላይ ናት፤ ሹሙም ሹመቱ ላይ። ኢጵቁሻ ወፍጮ ይገፋሉ። በዚህ ከተማ እንደ እርሳቸው ያሰለቸኝ ሰው አልነበረም፤ እንደ እርሳቸው የምናፍቀውም የለም። የዋስትናውን የጭቃ ጽላት የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በምስክርነትም አትሜበታለሁ። ስብርባሪውን ያስጠፋሁት እኔው ነበርሁ፤ ማኅተሜ ግን አንዲት መስመር ሳትጎድለው፣ ጥርት ብሎ ወጣ።