አሥራ ስምንተኛው ብርድ ልብስ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የከተማችን ቤቶች ጽሕፈት ቤት ለእኛ ለአገሩ ጥንታዊ ባለቤቶች ለክሪ ሕዝብ ያለውን ክብር መመስከር ይገባል። ካናዳን ከዳር እስከ ዳር ብትዞሩ እንዲህ የሚያከብር መሥሪያ ቤት አታገኙም። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ኃላፊው አቶ ግራንት ፔሊ ይነሱና፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ይህ የቆምንበት መሬት የክሪ ሕዝብ ርስት መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናረጋግጣለን» ይላሉ። አንዳንዴማ እንባ ይተናነቃቸዋል። ከዚያ ይቀመጡና ርስታችን ላይ ይወስናሉ።

ቀጥሎ አክስቴ ዴልፊን ዋፓስ በሽማግሌነታቸው ይመርቃሉ፤ ብርድ ልብስም ይደረብላቸዋል። የተከበረ ሰው ብርድ ልብስ የሚለብሰው በእኛው ባህል ነው። አክስቴ አሥራ ሰባት ጊዜ ተከብረዋል። የጎደላቸው አልጋ ብቻ ነው።

ልመናችን አንድ ነው፦ የጽሕፈት ቤቱን ባዶ የወንዝ ዳር ሕንፃ የእኛ የክሪዎች ማኅበር ያስተዳድረው። በጽሕፈት ቤቱ ደንብ አያትና የልጅ ልጅ «ቤተሰብ» አይባሉም፤ ቤትም አይሰጣቸውም። በዚህ የተነሳ አክስቴ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ከዘመድ ዘመድ ሲንከራተቱ አራት ዓመታቸው ነው። በረዶ ሳይጥል ቤት ካላገኙ መንግሥት ልጆቹን ሊወስድባቸው ነው።

ባለፈው ማክሰኞ፣ በስብሰባው ላይ፣ መልስ መጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሕንፃው ሙሉ በሙሉ በእናንተ እጅ ነው» አሉ አቶ ፔሊ። አጨበጨብን።

«ቁልፉስ?» አሉ አክስቴ።

«ቁልፉ እኛ ጋ ይቀመጣል።»

«ማን እንደሚገባበትስ?»

«እሱንም እኛ እንወስናለን።»

«ታዲያ እኛ ምን እንሠራለን?»

«ስም ታወጡለታላችሁ፤ በገዛ ቋንቋችሁ» አሉ አቶ ፔሊ፣ አሥራ ስምንተኛውን ብርድ ልብስ እየዘረጉ።

አክስቴ ተደረበላቸው፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ።

በማግስቱ የስብሰባው አዳራሽ እንደተከፈተ ተመልሰው መጡ። ሁለቱን ልጆች፣ አንድ ድስትና ብርድ ልብሶቹን በሙሉ ይዘዋል። መድረኩ ሥር አነጠፉ፤ ልጆቹም ጫማቸውን አወለቁ። አቶ ፔሊ እየሮጡ ደረሱ።

«ኧረ እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? ይሄ እኮ የጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ነው!»

አክስቴ ተነሱ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ይህ የቆምንበት አዳራሽ የጽሕፈት ቤቱ ንብረት መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናረጋግጣለን።»

«ካረጋገጡማ ይወጣሉ አይደል?»

«እናንተስ ወጣችሁ?»

ለአቶ ፔሊም አንድ ብርድ ልብስ ደረቡላቸው። ከዚያ ተቀመጡና ማን የት እንደሚተኛ መወሰን ጀመሩ።