የአክስቴ ክንድ

በየቤተሰቡ ምን እንደሚስል የማይታወቅ አንድ ሰዓሊ አይጠፋም። በእኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት አክስቴ ናቸው።

አክስቴ ዛፍ አይስሉም፣ ፊት አይስሉም። ሸራቸውን ሳሎን ወለል ላይ ይዘረጉና የግድግዳ መቀቢያ ብሩሽ ጨብጠው አንድ ሰዓት ሙሉ ያፈጡበታል። ድስት ያርራል፣ ስልክ ይጮኻል፤ እሳቸው ንቅንቅ የለም! ከዚያ ድንገት ክንዳቸው ከነትከሻው ይወነጨፋል። ጥቁሩ ቀለም ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ይሰነጥቀውና ትራፊው ለኮርኒሱና ለባላቸው ለአጎቴ መነጽር ይዳረሳል።

"ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?" ይላሉ አጎቴ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ።

"አይጠየቅም፣ ይታያል!"

እኔም ለዘመድ አዝማዱ "ይሄንንማ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ" እያልኩ ስቀልድ ኖሬአለሁ።

አምና መጨረሻ ላይ አክስቴ ደረጃ ላይ ወድቀው የቀኝ ትከሻቸው ተሰበረ። ሐኪሙ "ከእንግዲህ ይቺን ክንድ ከደረትዎ በላይ አያነሷትም" አላቸው። ሁለት ወር ሙሉ ብሩሽ ሳይነኩ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ከረሙ። አጎቴ ጨነቃቸውና ደወሉልኝ።

"ምነው ቀለም በረጨችብኝ!" አሉኝ።

በማግስቱ ስደርስ አክስቴ ብሩሹን በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ፣ ገመዱን በጥርሳቸው እየሳቡ ሲያስሩ አገኘኋቸው።

"ሸራውን ወጥረህ ያዝልኝ" አሉኝ።

እንጨቱን ግራ ብብታቸው ሥር ሸጎጡት። ክንዳቸው አልተነሳም። ወገባቸው ዞረ፣ እግራቸው ተራመደ። መስመሩ እንደ ድሮው አልተወነጨፈም፤ ቀስ ብሎ ጀመረ፣ መሀል ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ሊቋረጥ ምንም ሳይቀረው ሰፍቶ፣ ደምቆ ወጣ። ያ ሁለት ወር እንዳለ ሸራው ላይ ተዘርግቶ አየሁት።

አክስቴ ላባቸውን ጠርገው እንጨቱን ሰጡኝ። "በል፣ አንተም ሞክር።"

ትንፋሼን ውጬ አንድ መስመር ጎተትኩ። ጎንበስ ብለው መረመሩት።

"ይሄማ የቢሮ ፊርማ ነው! ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ትማራለህ።"

ትናንት አራተኛ ቅዳሜዬ ነበር። ሰባት ሸራ አበላሽቼ በስምንተኛው ላይ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሄደ። አክስቴ በደህና እጃቸው ጀርባዬን መቱኝ።

"እሰይ፣ የእህቴ ልጅ!"

በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ፈነደቅሁ። ቀለም የጠጣ ሸሚዜን ሳልቀይር፣ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ፣ አውቶቡሱ መሀል ቆሜ ቤቴ ገባሁ።