ነጎድጓድ ዝቅ ስትል

ሊቁ፦ ዝቅ!

ነጎድጓድ፦ ዝቅ ብያለሁ እኮ።

ሊቁ፦ ጉልበትሽን አላልኩም፣ ድምፅሽን!

[የጃዝ ዘፋኟ ከማይኩ ሥር በርከክ ካለችበት ቀና አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አዳራሽ ስታናውጥ ስለኖረች ስሟ ቀርቶ «ነጎድጓድ» ነው የምትባለው። አምና ጉሮሮዋ ታመመ። ሐኪሙ መርምሮ «ከእንግዲህ ወይ ዝቅ፣ ወይ ዝም» አላት። ዝም ማለቱ አልሆነላትም። ስለዚህ ለስለስ ተደርጎ የሚዘፈነውን ቦሳ ኖቫ መርጣ አልበም ጀመረች፤ ዛሬ ስምንተኛውና የመጨረሻው ዘፈን ላይ ናት። ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ የተቀመጠውን ድምፅ ቀራጭ ደግሞ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ ስለሚሰጥ «ሊቁ» ይሉታል። ጊታሪስቱ ጥጉን ይዞ ክሩን ይቃኛል።]

ሊቁ፦ ስሚ እህት ዓለም። ቦሳ ኖቫ ማለት ምን ማለት ነው?

ነጎድጓድ፦ የብራዚል ሙዚቃ።

ሊቁ፦ አይደለም! አዲስ ዘይቤ ማለት ነው። አዲስ!

ነጎድጓድ፦ መቼ ነው የወጣው?

ሊቁ፦ ስልሳ ዓመት አልፎታል።

ነጎድጓድ፦ እኔ እኮ ከሱ አንሳለሁ። እኔን ግን «አሮጌ ስልት» ነው የምትለኝ።

ሊቁ፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አሁን ለሕዝብ አትዝፈኝ። አጠገብሽ ለተኛ ሰው በጆሮው ሹክ እንደምትይ አድርጊ።

ነጎድጓድ፦ ባሌ አንዴ ከተኛ መድፍ አይቀሰቅሰውም።

ሊቁ፦ እንግዲያው ሌላ ሰው አስቢ።

ነጎድጓድ፦ ሌላ ወንድ ጎን ልታስተኛኝ? በዚህ ዕድሜዬ?

ሊቁ፦ በሐሳብ ነው ያልኩሽ!

ነጎድጓድ፦ በሐሳብም ቢሆን ባሌ ይሰማል።

ሊቁ፦ መድፍ አይቀሰቅሰውም አላልሽም እንዴ?

ነጎድጓድ፦ እንዲህ ያለውን ነገር ግን ተኝቶም ይሰማል።

[ሊቁ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና እንድትጀምር በእጁ ጠቆማት። ጀመረች። ሁለት ቃል አልዘለቀችም።]

ሊቁ፦ በዛ! ከማይኩ ራቅ በይ።

ነጎድጓድ፦ እዚህ?

ሊቁ፦ ገና።

ነጎድጓድ፦ እዚህስ?

ሊቁ፦ ገና ራቂ።

ነጎድጓድ፦ ጀርባዬ በሩን ነካ።

ሊቁ፦ በቃ፣ እሱ ጋ ቁሚ። አሁን ቃሉን አታውጪው፤ ተንፍሺው።

ነጎድጓድ፦ ካላወጣሁት በምን ይሰማል?

ሊቁ፦ የሚያውቅ ጆሮ ይሰማዋል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማዳምጠው። ቀጥይ!

[ሊቁ ማዳመጫውን አንድ ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ጊታሩ ጀመረ። ነጎድጓድ አፏን ልትከፍት ስትል ጉሮሮዋ ድርቅ አለባት። «በቃ፣ አለቀልኝ፤ ዝም የተባልኩት ደረሰ» አለች በልቧ። በሩን ቀስ ብላ ከፍታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ውሃ ጠጣች። ከዚያ «አልበሙ ይቅር» ልትለው ወደ ሊቁ ክፍል ገባች።]

ነጎድጓድ፦ [በሹክሹክታ] ወንድም ዓለም…

ሊቁ፦ [ዓይኑን ሳይገልጥ] እሽሽ! እየዘፈነች ነው።

ነጎድጓድ፦ ማን?

ሊቁ፦ ነጎድጓድ ናታ! ሌላ ማን ሊሆን?

[ነጎድጓድ በመስታወቱ አሻግራ አየች። ከጊታሪስቱ በቀር ማንም የለም።]

ነጎድጓድ፦ እና… እንዴት ናት?

ሊቁ፦ ገና አሁን ገባት። ትንፋሿን ብትሰሚው! ሳታለቅስ ታለቅሳለች።

ነጎድጓድ፦ በፊት አትችልም ነበር?

ሊቁ፦ ትጮህ ነበር እንጂ! ስንት ቀን እንደለፋሁባት እኔ ነኝ የማውቀው። አንዳንድ ሰው ቶሎ አይገባውም።

ነጎድጓድ፦ [ወንበር ስባ ተቀመጠች] እስቲ እኔም ልስማት።

[ሊቁ ዓይኑን እንደጨፈነ ማዳመጫውን አቀበላት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብዙ አዳመጠች።]

ነጎድጓድ፦ እውነትም ጎበዝ ናት። አየር አትስብም እንዴ?

ሊቁ፦ ጥበቡ እሱ ነዋ!

ነጎድጓድ፦ ይቺ እኮ ማራገቢያዋ ናት።

ሊቁ፦ የምን ማራገቢያ?

ነጎድጓድ፦ ጊታሪስቱ ሞቆት ከፍቷት ነው። እኔ ውሃ ልጠጣ ወጥቼ ነበር።

[ሊቁ አንድ ዓይኑን ገለጠ። አጠገቡ ነጎድጓድን አየ። በመስታወቱ ባዶውን ማይክ አየ። ሁለተኛውን ዓይን መግለጥ ጊዜ ወሰደበት።

ነጎድጓድ ልትስቅ አልፈለገችም ነበር። ግን ሳቁ አመለጣት፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስትጨርስ ጉሮሮዋ ለቀቅ ብሎ፣ ያ ፍርሃትም አብሮ ወጥቶ አገኘችው። «ይቅር» የሚለውን ሳትናገረው ተመልሳ ገባች። ማራገቢያዋን አጠፋች፤ ማይኩ ሥር ቀርባ ቆመችና ለጊታሪስቱ አንገቷን ነቀነቀች። ማንንም ሳትጠይቅ ዘፈነች። አልጮኸችም፣ አልተደበቀችም፤ አንዲት በዕድሜ የበሰለች ሴት ሐሳቧን ለራሷ እንደምትናገር ነበር። ዘፈኑ አልቆም ጊታሪስቱ እጁን ከክሩ ላይ አላነሣም።]

ነጎድጓድ፦ አሁንስ? ዝቅ ልበል? ልራቅ?

[ሊቁ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ።]

ሊቁ፦ እኔ ምን አውቄ!

[ከስምንቱ ዘፈኖች ሊቁ ማብራሪያ ሳይሰጥ ያሳለፈው ይኸው አንዱ ብቻ ነው።]