ዘጠኝ ክረምት የጣፈጠኝ እንጉዳይ

ጎረቤት የላከላችሁን ምግብ ደፍታችሁ ታውቃላችሁ? አትመልሱልኝ። እኔም ብትጠይቁኝ አልመልስም ነበር፤ አሁን የማወራው ነገሩ ከእጄ ካመለጠ በኋላ ነው። እኛ ስለ ምግብ የምንዋሸው ውሸት ውሸት አይመስለንም። እየራበን «አሁን ከገበታ ተነሣሁ» እንላለን፤ ጨው የበዛበትን ወጥ እየዋጥን «እጅሽ ይባረክ» እንላለን፤ እንዲህ የማይል ሰው ከተገኘማ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ያሉት አበው የምግብ ውሸት ያልዋሹ ይመስለኛል። የእኔው እያደር ነበር የሚከብደው።

የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። በእኛ ሰፈር እንጉዳይ «የጅብ ጥላ» ነው፤ በእግር ይመታል፣ ከዚያ እግር በሣር ይጠረጋል። የሚበላው ሰው ቢገኝ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ይወስደው ነበር። ከዚያ ብርድ አገር ቁልቁለቱን ወርጄ ሸዋ ሮቢት የሥነ ሕይወት መምህር ሆንኩ። የእንጉዳይን አካል ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ፣ በቀስት እያመለከትኩ አስተምራለሁ። ቀምሼው ግን አላውቅም።

ከአጥሬ ማዶ እትዬ ዘሃራ አሉ። ማሽላና ማሾ እያረሱ ልጆች ያሳደጉ፣ ልጆቹንም ድረው የጨረሱ እናት ናቸው። መቼም ታውቁታላችሁ፣ የእሳቸውን የዒድ ሥጋ እኔ አልበላም፣ የእኔን የፋሲካ በግ እሳቸው አይበሉም፤ በበዓል የምንላላከው ዳቦና ለስላሳ ነው። እንጉዳይን ግን የሚያርደው የለም። ስለዚህ በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ፣ እኔ ፍልሰታን ስጾም፣ ነጎድጓድ ባደረ ማግስት ይወጡና ከኩይሳ ሥር ይለቅማሉ። ከዚያ ቅቤ ነክቷት በማያውቅ ትንሽ ድስት በዘይት ሠርተው፣ በሳህን ከድነው ያመጡልኛል።

«ይኸ ሥጋ የሁለታችንም ነው መምህር» ይሉኛል።

በመጀመሪያው ዓመት ሳህኑን በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ በሩን ዘጋሁ፤ ጓሮ ፓፓያዋ ሥር ቆፍሬ ቀበርኩት። ሳህን ባዶውን አይመለስምና አጥቤ ቆሎ ሞላሁበት፤ «ጣት ያስቆረጥማል እትዬ» ብዬም መለስኩ። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታዩ እናንተም ትዋሹ ነበር። በሁለተኛው ዓመት እውነቱን ልናገር አስቤ ነበር፤ ግን አምና ጣት ያስቆረጠመ ነገር ዘንድሮ ምን ሆኖ ይቀበራል? እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ክረምት አለፈ። ፓፓያዋ በሰፈሩ አቻ የሌላት ሆነች። ከፍሬዋ ለእሳቸውም እልክላቸዋለሁ።

ዘንድሮ የእትዬ ዘሃራን ዓይን ሞራ ጋረደው። አንድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሰማዩ ሲያጓራ ካደረ በኋላ፣ ቅርጫት ይዘው አጥሬ ሥር ቆሙ።

«ልጄ ሰዓዳ ከአጣዬ ልጆቿን ይዛ መጥታለች። እንጉዳይ አምሯታል። ቦታውን እግሬ ያውቀዋል፣ ዓይኔ ግን አልለይ አለኝ። ይኸን ነገር ለማን ላሳየው እያልኩ ስጨነቅ አንተ ትዝ አልከኝ። ዘጠኝ ዓመት የበላህ ሰው ይጠፋሃል?»

እዚያው መናገር ነበረብኝ። «ምን ይጠፋኛል» አልኩ።

ከሮቢ ወንዝ ወዲህ፣ ማሽላው ዳር ካሉት ኩይሳዎች ዘንድ ደረስን። ጉልበታቸውን ስላመማቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣ «ምልክቱን እንዳልነግርህ መምህርን ማስተማር ይሆንብኛል፤ ልቀም በል» አሉኝ። በቀን ሦስት ጊዜ «ያልገባችሁን ጠይቁ» እያልኩ ልጆች ላይ የምጮህ ሰው ነኝ። አልጠየቅኩም። ከኩይሳው ሥር ጫፋቸው ሾል ያለ ግራጫማዎቹን ለቀምኩ፤ ዞር ብል ደግሞ ሣሩ ውስጥ ነጫጭ፣ ትልልቅ፣ ከእነዚያ ይልቅ የሚያምሩ አየሁ። እነሱንም ጨመርኩ። ሁሉንም በቢላ ከአፈሩ በላይ ቆረጥኳቸው፤ ንጹሕ እንዲሆኑ ብዬ።

እትዬ ዘሃራ አንዱን አንሥተው ግንዱን እስከ ጫፉ ዳበሱት።

«ሥሩስ?»

«ቆርጬ ተውኩት፤ አፈር እንዳይነካው።»

«እኛ ነቅለን ነው የምናየው። የኩይሳው ሥሩ ረጅም ነው፤ ምስጡ ቤት ድረስ ይወርዳል። ሌላው እንደ ነጭ ሽንኩርት ብድግ ይላል።» እንጉዳዩን ቅርጫቱ ውስጥ መለሱት። «ግድ የለም፤ አንተ ካየኸው እኔ አየሁት ማለት ነው።» አብረን ተመለስንና ቅርጫቱን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እኔ ግን የሥሩ ነገር ስላሳሰበኝ ከነጫጮቹ አንዱን ኪሴ ከትቼ ነበር። ቤት ገብቼ በስልኬ ፎቶ ባነሣው ስልኩ «ይበላል» አለኝ። ገልብጬ ባነሣው «መርዝ ነው» አለኝ። ስልኬም እንደኔው ነው፣ አላውቅም ማለት አልለመደበትም። ራሴ አተኩሬ ሳየው ከጥላው ሥር ያለው ሆዱ ወደ አረንጓዴ ይስባል። ከሣሩ ውስጥ ስቆርጠው እንዴት ቀሎ እንደተነቃነቀ አሁን ትዝ አለኝ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ተረት ያን ጊዜ ገባኝና በነጠላ ጫማ ሮጥኩ።

ድስቷ እሳት ላይ ናት። ሰዓዳ እንጀራ ታቀርባለች፤ ሁለቱ ልጆቿ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል።

«እንዳትበሉ» አልኩ። «መርዝ ሳይኖርበት አይቀርም። መለየት አልቻልኩም።»

እትዬ ዘሃራ ድምፄ ወዳለበት ዞሩ። «ዘጠኝ ዓመት እየበላህ?»

እዚህ ላይ ሌላ ውሸት ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ነበር። ስልኩ አሳሳተኝ ብል ማንም ያምነኛል። ነገር ግን እነዚያ ዓይኖች ፊቴ የቱ ጋ እንደሆነ ሲፈልጉ አየሁና አልቻልኩም።

«በልቼ አላውቅም እትዬ። አንድም ቀን።»

«ታዲያ የት ታደርሰው ነበር?»

«ፓፓያዋ ሥር።»

ሰዓዳ ሳቅ አመለጣት፤ የእናቷን ፊት አየችና ዋጠችው። እትዬ ዘሃራ ድስቷን በጨርቅ ይዘው ወጡና ጓሮ ደፏት። ሲመለሱ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቹ አልቀመሱም» አሉ። ቀጥለውም ለእኔ ሳይሆን ለሰዓዳ፣ «ይህችን ድስት ቅቤ እንዳይነካት ስንት ዓመት ስጠብቃት» አሏት። ይቅርታ ለመንኳቸው። «ምንም አይደል» አሉኝ። እንዲህ ዓይነቱን «ምንም አይደል» እኔም ስለምለው አውቀዋለሁ። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱ ላይ ሰላም ያለኝን ሰው ቀና ብዬ አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። ሰዓዳ እናቷን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ የተከደነ ሳህን ይዛ ቆማለች። ሰዓዳ ከነሥሩ እየነቀለች፣ እሳቸው ሥሩን እየዳበሱ የለቀሙት ነው። ገብተው ተቀመጡ። እትዬ ዘሃራ ክዳኑን አነሡ፤ ቁራሽ እንጀራ ቆረሱ፤ «ቢስሚላህ» ብለው ከፊቴ መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱ።

እንዲህ የሚቀመሰው ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በእጄ ክፉ ነገር የለም ለማለት ለማያውቁት ሰው ነው የሚቀመሰው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እሳቸውም ለእኔ፣ እኔም ለእሳቸው ቀምሰን አናውቅም። ውጠው ሲያበቁ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

በላሁ። በመጀመሪያው ጉርሻ እንደ መድኃኒት ዋጥኩት፤ በሁለተኛው አላመጥኩት፤ ከሦስተኛው በኋላ ሳህኑን ጠረግኩት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር በልቼ አላውቅም። ይህን ልነግራቸው ፈለግኩ፤ ብፈልግ ባፈላልግ አዲስ ቃል አጣሁ። ያለኝ ቃል ዘጠኝ ዓመት የተጠቀምኩበት ነው።

«ጣት ያስቆረጥማል እትዬ» አልኩ።

«ሁልጊዜም እንዲያ ነው የምትለኝ» አሉኝ፤ እጃቸውንም ዘርግተው ሳህኑ ባዶ መሆኑን በጣታቸው ዳበሱ።