የጋሽ አራጋው መቀስ

እጁ እያወቀ ልቡ የማያምነው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ካላመናችሁኝ የየራሳችሁን ሰፈር ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ ቢያንስ አንድ አታጡም። የከተማችን የመካነ ሰላሙ ግን የሁሉም አለቃ ነው። ክቡር ጋሽ አራጋው፣ ሊቀ ጠጋኞች፣ ከገበያው በላይ ባለችው የቆርቆሮ ሱቃቸው ሃያ አራት ዓመት ልብስ ሲሰፉ፣ እስካለፈው ኅዳር ድረስ መቀስ አዲስ ጨርቅ ላይ ያሳረፉት አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ስጧቸው፤ የት ጋ እንደተቀደደ ራሳችሁ እስክትረሱት ድረስ ይጠግኑታል። አዲስ ጨርቅ ይዛችሁ ከገባችሁ ግን ፊታቸው ይለዋወጣል። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ ያደርጉና «መቀስ የነካው አይመለስም» ይላሉ። «እኔ የተፈጠርኩት ለጥገና ነው።»

ፍርሃታቸው በጨርቅ ብቻ ቢወሰን ደግ ነበር። ባጃጅ ከተማችን የገባ ጊዜ ሁለት ዓመት ቆመው ታዘቡት፤ በሦስተኛው ዓመት ተሳፈሩና እስኪወርዱ ድረስ ዳዊት ደገሙ። ልጃቸው ሉሊት ከአዲስ አበባ የላከችላቸው ስልክ ስምንት ወር ከካርቶኑ አልወጣም። ሲጠራ ካርቶኑን ታቅፈው ወደ ጎረቤት ይሮጣሉ።

የሰፈራችንን ልጅ የዘሊካን ነገር ደግሞ ስሙኝ። ዘሊካ ከጅዳ የተመለሰች ጊዜ ለእህቷ ኒካህ የምትለብሰው አረንጓዴ ጨርቅ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ከእርስዎ ሌላ ለማንም አልሰጥም፣ ወላሂ!» አለቻቸው። ሦስት ቀን ለኳት። በጠመኔ እያሰመሩ፣ እያጠፉ፣ መልሰው እያሰመሩ ከረሙ። በአራተኛው ቀን ጨርቁን አጣጥፈው «ዘሊካዬ፣ ጨርቁ ገና አላረፈም» ብለው መለሱላት። ወይ ጉድ! ጨርቁ ከጅዳ በእግሩ የመጣ ይመስል። ዘሊካም ደሴ ወስዳ ሰጠችው። የደሴው ሰፊ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የጋሽ አራጋውን የጠመኔ መስመር ተከትሎ ቆረጠዋ! ቀሚሱ ልክክ አለባት። መጥታ ስታሳያቸው ዙሪያዋን ዞረው አዩና «መቀሱ የደሴ ነዋ!» አሉ።

የዚህ ሁሉ ፍርሃት መነሻ የአባቴ በርኖስ ነው። መቼም በርኖስ የምንለው የሱፍ ካባ አንድ ትከሻው ላይ ሹል አለችው፤ ያገሩ በርኖስ ሁሉ ሹሉ በአንድ ወገን ነው። ጋሽ አራጋው ያኔ ገና ጎረምሳ ነበሩ፤ የመጀመሪያ ሥራቸው ስለሆነ ቸኩለው ጨርቁን በግልባጩ ቆረጡትና የአባቴ ሹል በሌላኛው ትከሻ ወጣች። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ለበሱት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፣ ወጡ። ያ ዝምታ ጋሽ አራጋውን ጨረሳቸው። ትልቁን መቀስ ምስማር ላይ ሰቀሉት። አባቴ በሱቁ ደጅ ባለፉ ቁጥርም ጋሽ አራጋው አንገታቸውን ይደፉ ነበር፤ አባቴ እስኪሞቱ ድረስ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።

ባለፈው ኅዳር እናቴ ብርሀንነሽ ጥቁር የሱፍ ጨርቅ አሸክማ ወደ ሱቁ ይዛኝ ሄደች።

«አራጋው፣ ለልጄ በርኖስ ቁረጥለት።»

ጋሽ አራጋው ክው አሉ። «እማማ ብርሀንነሽ፣ እኔ እኮ ለጥገና…»

«ጠጉሩን በእጄ የፈተልኩት ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ ከእንግዲህ ሌላ አልፈትልም። የመጨረሻዬ ነው።»

ይኼን ሲሰሙ ጭራሽ ላብ አጠመቃቸው። «እንዲያማ ከሆነ አልነካውም! ያኔ ባልዎን የሰው መሳቂያ አደረግኩ፣ አሁን ደግሞ ይኼን ላበላሽብዎ?»

እናቴ ደነገጠች። «መሳቂያ? ማነው እንዲህ ያለህ? የገበያ ዕለት ዳገቱን የሚወጣው ባለበርኖስ ሁሉ አንድ ነው። የኔን ሰውዬ ግን በዚያች ሹል ከሩቅ ለይቼ አውቀው ነበር። ደጅ ሳይደርስ ወጡን አሞቅለታለሁ። ‹አራጋው ላንቺ ብሎ ነው የሰፋት› እያለ ይስቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ቢነግሩኝ?»

«አንተ መች ቀና ብለህ አየኸው!»

ጋሽ አራጋው በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ብዙ ጠረጉት። ልስቅባቸው የመጣሁት እኔም የተሸከምኩትን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላቸው።

ቆይተው ተነሡ። መቀሱን ከምስማሩ አወረዱት፤ ዝጎ ስለነበር የስፌት መኪናውን ዘይት ቀቡት። ጨርቁን ዘረጉ፣ ገለበጡ፣ ደግመው ዘረጉ። አሰመሩ። ከዚያ መቀሱን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«እፈራለሁ፣ እማማ።»

«አብሽር! እየፈራህ ቁረጥ።»

«በስመ አብ!» ብለው ቆረጡ። አንድ ጣት ያህል ሄደው ቆሙና ጣሪያው ወርዶባቸው እንደሆነ ቀና ብለው አዩ። ጣሪያው አለ። ቀጠሉ። ትከሻው ጋ ሲደርሱ እንደገና ቆሙ።

«ሹሏ በየት በኩል ትሁን?»

«እንደ አባቱ አድርጋት» አለች እናቴ። «ዓይኔ ደክሟል ብዬሃለሁ፤ ልጄን ከሩቅ በምን ልወቀው?»

እኒህን ሰውዬ እንዴት እንደምወዳቸው እኔው ነኝ የማውቀው። አሁን ጠረጴዛቸው ላይ አዲስ ጨርቅ አይጠፋም፤ ግን ዛሬም «በስመ አብ!» ሳይሉ አይቆርጡም። ባለፈው ገበያ ከከላላ የመጣ አንድ ሰው የበርኖሴን ሹል አይቶ «ወንድሜ፣ ሰፊህ ጉድ ሠርቶሃል!» አለኝ። አፌን ሳልከፍት ጋሽ አራጋው መቀሳቸውን እንደያዙ ከሱቃቸው ብቅ አሉ።

«አውቄ ነው!» ብለው ጮኹ። «ከፈለግህ ላንተም እቆርጥልሃለሁ!»