ሦስት ክሬዲት በሰላምታ

[መርካቶ፣ ሰባተኛ። የኢዩኤል ጠባብ የሰዓት መሸጫ ሱቅ። ጡረታ የወጡት አስር አለቃ ማስረሻ ኮታቸውን ቆልፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ኢዩኤል በርጩማ ላይ ተቀምጧል።]

ማስረሻ፦ ተነስ አልኩህ እኮ።

ኢዩኤል፦ ጋሽ ማስረሻ፣ ተጠርጣሪ ቁጭ ብሎ አይያዝም እንዴ?

ማስረሻ፦ ይያዛል። ግን አያምርም። ነገ የምማርበት ኮሌጅ ሰው ሲመጣ አንተን ይዤ፣ ፈትሼ ላሳየው ነው። ጸጉሬ እስኪሸብት ፖሊስ የሠራሁ ሰውዬ «መያዝና ብርበራ» የሚባል ትምህርት ተማር ተባልኩ። የሥራ ልምዴን አይተው የትምህርቱን ሦስት ክሬዲት ይያዙልኝና ሳልማር ልለፈው።

ኢዩኤል፦ ቢማሩትስ ምን አለበት?

ማስረሻ፦ አስተማሪዋ ማን እንደሆነች ታውቃለህ? ፀደንያ ናት።

ኢዩኤል፦ የእርስዎ ፀደንያ?

ማስረሻ፦ የእኔ ፀደንያ። አፍንጫዋን እየጠረግኩ ያሳደግኳት ልጄ። እጄን አውጥቼ «መምህርት፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» ልበላት?

ኢዩኤል፦ [ብድግ ብሎ] ኧረ ይያዙኝ።

ማስረሻ፦ [ጉሮሯቸውን ጠርገው] በስርቆት ወንጀል ተጠርጥረሃል። ዝም የማለት መብት አለህ። የምትናገረው ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ ይችላል። ስምህ ማነው?

[ኢዩኤል ዝም።]

ማስረሻ፦ ስምህ ማነው?

[ኢዩኤል ጣሪያውን ያያል።]

ማስረሻ፦ ተናገር እንጂ!

ኢዩኤል፦ አሁን መብት ሰጡኝ እኮ። ወሰዱት?

ማስረሻ፦ አልወሰድኩም። ስም ግን ይነገራል።

ኢዩኤል፦ ስሜን አያውቁትም?

ማስረሻ፦ አላውቅህም። ተጠርጣሪ ነህ።

ኢዩኤል፦ ካላወቁኝ በምን ጠረጠሩኝ?

ማስረሻ፦ [ትንሽ አስበው] ነገ እሱን እንዳትጠይቅ።

ኢዩኤል፦ እሺ። ግን ጋሼ፣ ድሮ ሰው ሲይዙ ይህን ሁሉ ይሉ ነበር?

ማስረሻ፦ የምን ይህን ሁሉ! ይሄ የመጽሐፉ ነው። መርካቶ መሀል «ቁም» ብትል ሌባው ቀርቶ አጠገቡ ያለው ንጹሕ ሰው አብሮ ነው የሚሮጠው። የእኔ ዘዴ ሌላ ነበር።

ኢዩኤል፦ ምን ነበር?

ማስረሻ፦ ሰላምታ።

ኢዩኤል፦ ሰላምታ?

ማስረሻ፦ የእኛ ሰው ሰላምታ አቋርጦ አይሮጥም። «እንዴት ሰነበትክ» ስትለው ሌባም ቢሆን ይቆማል። እጁን ትጨብጠዋለህ፤ ተያዘ። ትከሻ ለትከሻ ትሳሳማለህ፤ ብብቱ ተፈተሸ። «ቤተሰብ ደህና?» ስትል ወገቡን፣ «ልጆች ደህና?» ስትል የኋላ ኪሱን። ዘመድ የበዛበት ሰው ከሆነማ ካልሲው ድረስ ትወርዳለህ።

ኢዩኤል፦ እሱ ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ።

ማስረሻ፦ እያመሰገነ! ከዚያ አቅፈኸው «ና ሻይ እንጠጣ» ነው። ጣቢያ ገብቶ ሻዩን ሲጨርስ ነው መያዙ የሚገባው።

ኢዩኤል፦ ጭራሽ ያልገባው ሰው የለም?

ማስረሻ፦ [እየሳቁ] አንድ ሰው አለ። ተወው፣ ትቀየማለህ።

ኢዩኤል፦ አልቀየምም።

ማስረሻ፦ አንተ ነህ።

ኢዩኤል፦ እኔ?

ማስረሻ፦ የተዋወቅን ቀን። እዚሁ ሰባተኛ። «ኮንትሮባንድ ሰዓት የያዘ ልጅ አለ» የሚል ጥቆማ ደረሰኝ። አቀፍኩህ፣ ፈተሽኩህ፣ ጣቢያ ወስጄ ከጠዋት እስከ ማታ አቆየሁህ። ምንም ስላላገኘሁብህ ለቀቅኩህ። አንተ የተጋበዝክ መስሎህ በማግስቱ «ትናንት ስላስተናገዱኝ» ብለህ ዳቦ ይዘህ መጣህ። ጣቢያው በሙሉ ነው የሳቀብህ።

ኢዩኤል፦ እስር ነበር ማለት ነው።

ማስረሻ፦ እስር ነበር። የዋህነትህን ወድጄ ነው ወዳጅ ያደረግኩህ። ነገም ለኮሌጁ ሰው ይህንኑ ትነግረዋለህ። «ጋሽ ማስረሻ ሲፈትሹኝ መፈተሼን እንኳን አላወቅኩም» ትላለህ፤ ክሬዲቱ አለቀ።

ኢዩኤል፦ እንደሱ ማለት አልችልም።

ማስረሻ፦ ለምን?

ኢዩኤል፦ አውቄያለኋ።

ማስረሻ፦ ምኑን?

ኢዩኤል፦ «ልጆች ደህና?» ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ያኔ እንኳን ልጅ፣ ሚስትም አልነበረችኝ።

[ማስረሻ ፈገግታቸው እንዳለ ቆመዋል።]

ኢዩኤል፦ እኔም መልሼ አቀፍኩዎት። «እርስዎስ ደህና ነዎት?» እያልኩ ሰዓቶቹን ከእጅጌዬ አውጥቼ ካፖርትዎ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው።

ማስረሻ፦ የእኔ ካፖርት?

ኢዩኤል፦ ፖሊስን ማን ይፈትሻል ብዬ ነው። አብረን ጣቢያ ገባን፣ ሻይ ጠጣን። እርስዎ እኔን ሲጠብቁ እነሱንም ጠበቁልኝ። ማታ ስንለያይ ሰው ስለከበበን አልተመቸኝም፤ ስለዚህ ሰዓቶቹ እርስዎ ቤት አደሩ።

ማስረሻ፦ [በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ] ባለቤቴ «ካፖርትህ ቀጭ ቀጭ ይላል» ብላኝ ነበር። አይጥ ነው ብዬ ተኛሁ።

ኢዩኤል፦ በማግስቱ ዳቦውን ይዤ መጥቼ ያን ያህል አጥብቄ ያቀፍኩዎት ለምን ይመስልዎታል?



ማስረሻ፦ ዳቦውን ያመጣህ ቀን ስስምህ ውዬ እኮ አልቅሼ ነበር። የሚወደኝ ሰው አገኘሁ ብዬ።

ኢዩኤል፦ እሱማ እውነት ነው ጋሼ። እንደዚያ ያለ ታማኝ ሰው ከየት ይገኛል? ከዚያ ወዲህም ያን ሥራ ትቻለሁ፤ ይኸው በፈቃድ ነው የምነግደው። አሁን ለኮሌጁ ሰው የቱን ልንገረው?

[ማስረሻ የኮታቸውን ኪሶች አንድ በአንድ ዳበሱ፤ ስልካቸውን አወጡና ደወሉ።]

ማስረሻ፦ ሃሎ፣ ፀዲ፣ አባትሽ ነኝ። ክላስ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው? ... አይ፣ ላደርስሽ አይደለም። ልማር ነው። ... ደብተር ይዤ? ... [ቆመው፣ ኮታቸውን አስተካክለው] እሺ፣ መምህርት።